ሰጪው ሩቅ፣ ተቀባዩ ዝም፦ የቦርድ አባል ለማን ይቀመጣል?

በወሎ፣ በወግዲ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



የዛሬው ርእሳችን ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች የቦርድ አባላት ሥራና ኃላፊነት ነው። ርእሱን ስትሰሙ «ይሄ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ያላችሁ አትጠፉም። ያገባናል። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል በአንድ ኮሚቴ ወይም ቦርድ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ጥቂት ነው። አንዱ የውኃ ኮሚቴ አባል ነው። አንዱ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ። አንዷ በጤና ጣቢያው የአስተዳደር ቦርድ ትሰበሰባለች። ሌላው ደግሞ ከተማ ወይም ውጭ አገር ያሉ የአገር ልጆች «ለተወለድንበት ቀዬ ትምህርት ቤት እናሠራ» ብለው ያቋቋሙት ማኅበር ተወካይ ነው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ የግላቸው ያልሆነ ገንዘብ የግላቸው ላልሆነ ጉዳይ እንዲውል ይወስናሉ።

ይህን ወንበር ብዙ ሰው እንደ ክብር ያየዋል። «እገሌ የቦርድ አባል ሆነ» ሲባል እንኳን ደስ ያለህ እንላለን እንጂ እግዜር ይርዳህ አንልም። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። የቦርድ አባል የሚቀመጠው በስብሰባው ላይ ስለሌሉ ሁለት ወገኖች ነው፦ ገንዘቡን ስለ ሰጠውና ገንዘቡ ስለ ተሰጠለት። ሰጪው ሩቅ ነው፣ አያይም። ተቀባዩ ቅርብ ነው፣ ግን አይናገርም። የቦርዱ ኃላፊነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ቅሬ ያለ ቦርድ ለምን ይጸናል?

ከምናውቀው እንነሣ። የወሎ ሰው ቅሬን ያውቃል፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን። በብዙ ቦታ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ መዋጮ ያጓደለ ይጠየቃል። ኦዲተር የሚባል ሰው በአጠገቡ ሳያልፍ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ቅሬ ሞልቷል።

ለምን ጸና? የወሎ ሰው ከሌላው የተለየ ጻድቅ ስለሆነ አይደለም። በቅሬ ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ሰው ስለሆነ ነው። ድንኳኑ ተቀዶ ሳይሰፋ ቢቀር ነገ በዚያ ድንኳን ሥር የሚያለቅሰው መዋጮ የከፈለው ራሱ ነው። ገንዘብ ያዡ ቢያጎድል በገበያ ቀን ያገኘዋል፤ ቤቱን ያውቀዋል፤ ሚስቱን ያውቃታል። ጠያቂው እንደ አባሉ ቁጥር ብዙ ነው።

አሁን ከቅሬ ወጥተን ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት እንግባ። እዚያ ከፋዩ ሌላ፣ ተጠቃሚው ሌላ ነው። ከፋዩ የጉድጓዱን ውኃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ጉድጓዱ መድረቁን አያውቅም። የሚጠጣው ሰው ደግሞ ገንዘቡን አላወጣም፤ ስለዚህ «በነጻ ያገኘሁትን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» ይላል። በሁለቱ መካከል ጠያቂ ጠፋ ማለት ነው። ቦርድ የሚባለው አካል የተፈጠረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

አንድ ማርክ የሰጠው ሰው

ምሳሌውን ሩቅ አገር ሄጄ አልፈልገውም፤ እዚሁ አለ። ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት ወግዲም የወሎው ቦረናም ያውቀዋል፤ በሁለቱም ወረዳዎች የገጠር ልማት ሥራ ሠርቷል። አጀማመሩን ግን ሁላችንም ላናውቀው እንችላለን።

ካርልሃይንዝ ቦም የታወቀ የፊልም ተዋናይ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ግንቦት ወር በጀርመን በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትዕይንት ላይ ቀርቦ ተወራረደ። ውርርዱ «ከተመልካቾች ሢሶው እንኳ በአፍሪካ ለተራበው ሰው አንድ አንድ ማርክ አይሰጥም» የሚል ነበር። ውርርዱን ረታ፤ ሢሶው አልሰጠም። ነገር ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። እሱም ከወራት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በኅዳር 1974 ዓ.ም. ድርጅቱን መሥርቶ በሐረርጌ፣ በኤረር ሸለቆ ሥራውን ጀመረ።

እስኪ ያንን አንድ ማርክ የሰጠ ሰው አስቡት። ጡረተኛ ሊሆን ይችላል፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ኤረርን አያውቅም፤ ወግዲን በካርታ ላይ ፈልጉ ቢባል አያገኛትም። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ፣ መካነ ሰላምን አልፎ፣ ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ ወርዶ «የእኔ አንድ ማርክ የት ደረሰች?» ብሎ የሚጠይቅበት አቅምም ጊዜም የለውም። መቶ ሺህ እንደ እሱ ያለ ሰው ቢኖር መቶ ሺሁም አይጠይቅም። ስለ እሱ የሚጠይቅ ሰው ሊሾምለት ይገባል።

«እሱ የፈረንጅ ገንዘብ ነው» የሚል ካለ ወደ ራሳችን ልመልሰው። የአማራ ልማት ማኅበር፣ አልማ፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው በአባላት መዋጮ ነው። ገበሬው ከምርቱ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ይከፍላል። የሚሠራው የመማሪያ ክፍል ግን ሁልጊዜ ከፋዩ ደጅ ላይ አይሠራም፤ የወግዲ ገበሬ የከፈለው ብር ሌላ ቀበሌ ውስጥ ጣሪያ ሊሆን ይችላል። እዚህም ሰጪው ከሥራው ይርቃል። የገንዘቡ ምንጭ ጀርመንም ሆነ ወግዲ፣ ርቀቱ ካለ ጠያቂ ያስፈልጋል።

ሕጉ ምን ይላል?

አገራችን የማኅበራትን ጉዳይ በሕግ መወሰን የጀመረችው ዛሬ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 404 ማኅበርን ሲተረጉም ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ለተለየ ዓላማ የሚቋቋም የሰዎች ስብስብ መሆኑን አስቀምጧል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ብዙ ድርጅቶችን አጣብቦ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ።

አዲሱ አዋጅ አገር በቀል ድርጅት ከሚቋቋምባቸው መንገዶች ሁለቱን ለእኛ ጉዳይ ለይተን እንያቸው። አንደኛው ማኅበር ነው፤ የበላይ አካሉ የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሁለተኛው በቦርድ የሚመራ ድርጅት ነው፤ እዚያ ጠቅላላ ጉባኤ የለም፣ የመጨረሻው ውሳኔ የቦርዱ ነው። የቦርዱ አባላት ከ5 ያላነሱ ከ13 ያልበለጡ ይሆናሉ። ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው ቦርዱ ነው። ሾሚና ተሿሚ በሥጋ ወይም በጋብቻ እንዳይዛመዱም ሕጉ ይከለክላል።

ገንዘቡን በተመለከተ ድርጅቱ ለአስተዳደር የሚያወጣው ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። በየዓመቱም የሥራ ክንውንና የሒሳብ ሪፖርት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማቅረብ አለበት። ይህ የፌዴራል አዋጅ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችንና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ያሉትን የሚመለከት ነው፤ በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ድርጅት በክልሉ ሕግ ይተዳደራል። እድርና እቁብን አዋጁ አይነካቸውም።

ሕጉ እድርን የተወው ንቆት አይመስለኝም። የራሱ ጠያቂ ስላለው ነው። ጠያቂ የሌለውን ግን ቦርድ አቁሙለት፣ ኦዲት አድርጉት፣ ሪፖርት አቅርቡ ይላል።

የቦርድ አባል ከተሾመ በኋላ ምን ይሠራል?

የቦርድ ሥራ ብዙ ጊዜ በሦስት ግዴታ ይጠቃለላል፦ ትጋት፣ ታማኝነት፣ ለዓላማው መገዛት። በቃል ቀላል ናቸው፤ ችግሩ ስብሰባው ላይ ነው።

ትጋት ማለት መገኘት ብቻ አይደለም። ሪፖርቱን ስብሰባ ላይ ብቻ የሚገልጥ ሰው አልተጋም፤ ቤቱ አንብቦ ያልገባውን አስምሮ የመጣ ተግቷል። ማንበብ ያልቻለ አባል ቢኖር አያሳፍርም፤ ልጁ ያንብብለት፣ እሱ በማስተዋሉ ይጠይቅ። በየስብሰባው ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። ዛሬ ባንክ ውስጥ ስንት ብር አለ? የባንክ መግለጫው የታለ? ከጸደቀው በጀት ውጪ ምን ወጣ፣ ማን ፈቀደ? እንሠራለን ብለን ያልሠራነው ምንድን ነው? ተጠቃሚው ምን አማረረ? ቼኩን ስንት ሰው ይፈርመዋል? ማኅተሙስ በማን መሳቢያ ነው ያለው? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትናቋት። በእኛ አገር ማኅተሙን የያዘ ድርጅቱን ይዟል።

ታማኝነት ማለት ከራስና ከዘመድ ጥቅም በፊት የድርጅቱን ማስቀደም ነው። ድርጅቱ ሲሚንቶ ሊገዛ ነው፤ ሲሚንቶ የሚሸጠው የቦርድ አባሉ ወንድም ነው። ወንድምየው ሌባ ነው ማለት አይደለም፤ ዋጋውም ከሁሉ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አባሉ «ይህ ወንድሜ ነው» ብሎ ያስመዝግብ፣ ጉዳዩ ሲታይ ከአዳራሹ ይውጣ፣ ቀሪዎቹ ሦስት ፕሮፎርማ አወዳድረው ይወስኑ፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ከዚያ በኋላ ማንም አፉን አይከፍትበትም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ግን ንጹሕ እያለ ይታማል።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ተረት አለን፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል። ይህን ተረት ስንቀልድበት እንስቃለን፤ ግን ስንት የመንደር ማኅበር እንደ ገደለ ብንቆጥር አንስቅም። ከሌብነት የሚለየው የአበል ጉዳይም አለ። ለትራንስፖርት የወጣን መተካት ተገቢ ነው። ነገር ግን በወር አንድ ጊዜ የሚበቃን ስብሰባ ለአበል ሲባል አራት ጊዜ መጥራት፣ እዚሁ የሚያልቀውን ውይይት ደሴ ወስዶ ማደር፣ በሕጋዊ ደረሰኝ የተሸፈነ ብክነት ነው። ከተጠቃሚው አፍ ነው የሚቀነሰው።

ለዓላማው መገዛት ደግሞ ይህ ነው፤ ድርጅቱ ለወላጅ አልባ ልጆች ተቋቁሞ ከሆነ፣ ለጋሹ ስለ ፈለገው ወይም ሹም ስላዘዘው ብቻ ገንዘቡ ለአዳራሽ መሥሪያ አይዞርም። አዳራሹ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰጪው የሰጠው ለልጆቹ ነው።

በተቃራኒው ቦርድ የማይሠራውንም እንወቅ። ቦርድ ሥራ አስኪያጅን ይሾማል፣ ይመዝናል፣ ካልሆነም ያሰናብታል፤ የዕለት ሥራውን ግን አይሠራለትም። መጋዘን ሄዶ ዕቃ አውጣ የሚል፣ የእህቴን ልጅ ቅጠር የሚል፣ ሾፌሩን «ነገ ለሠርግ ና» የሚል የቦርድ አባል ጠያቂነቱን በገዛ እጁ ጥሏል። በዕለት ሥራው እጁን ያስገባ ሰው ሥራው ሲበላሽ ማንን ሊጠይቅ ነው?

ይሉኝታ

አሁን የገዛ ባሕላችንን ልንካ። ቦርዶቻችንን ከሌብነት በላይ የሚጥላቸው ይሉኝታ ነው። ሥራ አስኪያጁ የተከበረ ሰው ነው፤ ዘመድ ነው፤ የንስሐ ልጅ ነው፤ የክርስትና አባት ነው። «ደረሰኙን አሳየን» ማለት «ሌባ ነህ» ማለት ይመስለናል። ስለዚህ አንገታችንን ደፍተን እንፈርማለን። ወሬው ከስብሰባው በኋላ ደጅ ላይ ይጀመራል፤ ከዚያ ወደ ጠላ ቤትና ወደ ገበያ ይሄዳል። አንድ ሰው በይፋ ቢጠየቅ በአምስት ደቂቃ የሚያስረዳው ነገር በሐሜት ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

ጥያቄ ንጹሑን ሰው ያድነዋል እንጂ አያዋርደውም። ደረሰኝ የሚጠብቀው ከሌባው ይልቅ ታማኙን ነው፤ ሌባውማ የሐሰት ደረሰኝ ያዘጋጃል። ስለዚህ ጥያቄውን ልማድ አድርጉት። ሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ ማንም ይሁን ማን የሚጠየቅ ከሆነ የሚያፍር ሰው አይኖርም። ቅሬ ላይ ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሲያስቆጥር ተሰደብኩ ይላል እንዴ?

ይህ የእኛ ብቻ ድካም እንዳይመስላችሁ። ዩናይትድ ዌይ ኦፍ አሜሪካ የተባለው ትልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት በዊልያም አራሞኒ ከሃያ ዓመት በላይ ተመርቷል። በቦርዱ የተቀመጡት የትልልቅ ኩባንያዎች ኃላፊዎች ነበሩ፤ ሒሳብ የማያውቅ አልነበረም። ሰውዬው ግን ስሙ ገኖ ነበርና አጥብቆ የጠየቀው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1992 ጉዳዩ በጋዜጣ ሲወጣ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1995 በማጭበርበር ተፈርዶበት ታሰረ። የተማረና ሀብታም ሰው ስለ ተቀመጠ ብቻ ቦርድ አይጸናም። የሚጠይቅ ሰው ሲቀመጥ ነው የሚጸናው።

መሥራችና ቦርድ

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ግን መሥራቹ መልካም ሰው ሲሆን ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበናን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ወደ እኛው ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም በመጡ ጊዜ በረሀብ ከሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አግኝተው ይዘው ተመለሱ። ከዚያ የተነሣው ሥራ የብዙ ሺህ ሕፃናት ቤት ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር ዐረፉ፤ ድርጅታቸው ግን ሥራውን ቀጥሏል።

እንዲህ ያለች እናት ፊት ቆሞ «ሒሳቡን አሳዪኝ» ማለት ለማንም ይከብዳል። ሆኖም መሥራች ሟች ነው፤ ልጆቹ ግን ነገም ይርባቸዋል። መሥራቹን የሚወድ ቦርድ ሁለት ነገር ያደርግለታል፦ በሕይወት እያለ ሒሳቡን በሥርዓት ያስይዘዋል፣ ተተኪውን ሳይረፍድ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ሁሉን ነገር በአንድ ሰው ልብና በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ትቶ የሚሄድ በጎ አድራጊ ሥራውን አብሮት ያስቀብረዋል። ለቦርድ አባላትም የአገልግሎት ዘመን በመተዳደሪያ ደንብ ተወስኖ ይቀመጥላቸው። እስኪሞት በወንበሩ ላይ የሚቀመጥ አባል፣ መልካም ሰው ቢሆንም፣ የሚቀጥለው ሰው እንዳይማር ይከለክላል።

ዝም ያለው ይናገር

እስካሁን ስለ ሰጪው ብዙ ተናገርኩ። ተቀባዩን ልጨምር። ውኃ የሚቀዱት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ባብዛኛው ወንድ ነው። ቦኖው በስንት ሰዓት ቢከፈት እንደሚሻል፣ ወረፋው የት ላይ እንደሚያጣላ፣ የትኛዋ መበለት ወርኃዊ ክፍያ እንዳቃታት የምታውቀው ቀጂዋ ናት። እሷ የሌለችበት ኮሚቴ የሚወስነው በግምት ነው።

በምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ውስጥ አንድ የምወደው ሥርዓት አለ። በቀበሌ ደረጃ ተጠቃሚውን ከሚመለምለው ኮሚቴ የተለየ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ተደርጓል። አሠራሩ በየቦታው እኩል ባይሠራም ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ስሙን ከመዝገብ የሰረዘው ሰው ራሱ አቤቱታውን ሊሰማ አይችልም። የበጎ አድራጎት ቦርዶችም ይህን ቢወርሱ ይጠቀማሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ በሌለበት ተጠቃሚውን ሰብስበው ይስሙ።

ሰው ስትመርጡም የሀብታምና የሹም ስም ብቻ አትደርድሩ። ሒሳብ የሚያውቅ አንድ፣ ሕግ የሚያውቅ አንድ፣ ሥራውን የሚያውቅ አንድ፣ ተጠቃሚውን የሚወክሉ ቢያንስ ሁለት ይግቡ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ መካነ ሰላም ላይ አለ፤ ሒሳብና አስተዳደር የሚያውቁ መምህራን እዚያ አይጠፉም። በዓመት አራት ቀን ስጡን ብትሏቸው እንቢ የሚሉ አይመስለኝም። ገንዘብ ስንፈልግ ሩቅ አገር ብንሄድም ዕውቀት ስንፈልግ ቅርባችንን እንጠይቅ።

በመጨረሻ አደራ ልስጣችሁ። ማኅበር ያላችሁ፣ ከዚህ ስብሰባ በኋላ መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡና አንብቡት፤ ከሌላችሁ ጻፉት። ያለፈው ዓመት ሒሳብ ለተጠቃሚው በግልጽ ካልተነበበ ዘንድሮ ይነበብ፤ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ደጃፍ ይለጠፍ። ገንዘብ የምትልኩ የወግዲ ልጆች፣ ከፎቶግራፍ ይልቅ ሪፖርት ጠይቁ። በቦርድ የተቀመጣችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ «ባንክ ስንት አለ? ተጠቃሚውስ ምን አለ?» ብላችሁ ጀምሩ። ይህን መጠየቅ የከበደው አባል ቢኖር አንወቅሰውም፤ ወንበሩን ግን ለሚጠይቅ ሰው ይልቀቅ።